ለዳራርቱ ያልደረሰ ዕርቅ

ሐሙስ ጠዋት ተኽለሚካኤል ከክፍሌ ጋር ታረቀ። የፋብሪካችን ምርጫ አርብ በስድስት ሰዓት ነበር።

የነገረችኝ ራሕመት ናት። የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ፋብሪካ ነው የምንሠራው፣ ሚኒሶታ። እኔ ከመተኮሻው ማሽን ወዲህ፣ እሷ ወዲያ። የሆስፒታል አንሶላ በመሃላችን እየተተኮሰ ይወጣል። ጫፉን ያዝኩ፣ ጫፉን ያዘች፣ አጠፍን።

«ሰማሽ?» አለችኝ በእንፋሎቱ ውስጥ። «ጋሽ ተኽሌና ክፍሌ ዛሬ ጠዋት ተሳሳሙ። ሐጂ ቡርሃን ናቸው ያስታረቋቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልን።»

«ከምኑ ነው የተገላገልነው?»

«ከዚህ ከዩኒየን ነገር ነዋ።»

የሚቀጥለው አንሶላ መጣ። አልያዝኩትም። መሬት ወደቀ።

ነገሩ የተጀመረው ዲሴምበር ላይ ነው። ዳራርቱ የምትሠራው ቆሻሻ መለያው ክፍል ነው። ከሆስፒታል የሚመጣው ያደፈ ልብስ ሁሉ እዚያ ይራገፋል፣ በእጅ ይለያል። ደም አለ፣ ሌላም አለ። የሚሰጧቸው ጓንት ሳንድዊች ቤት ያሉ ልጆች የሚያደርጉት ዓይነት ስስ ነገር ነው። አንድ ቀን አንሶላ ውስጥ የቀረ መርፌ አውራ ጣቷን ወጋት።

ሪፖርት የሚጽፈው ክፍሌ ነው። ሱፐርቫይዘራችን። አገር ቤት አስተማሪ ነበር፣ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፣ ግማሻችንን ሥራ ያስገባን እሱ ነው። «ቤቷ ልብስ ስትሰፋ ተወግታ መጣች» ብሎ ጻፈ። ዳራርቱ ቁልፍ እንኳ ተክላ አታውቅም። ሐኪሙ ስድስት ወር ጠብቂ አላት፤ ደሟ ንጹሕ መሆን አለመሆኑ እስከዚያ አይታወቅም። ወረቀቱን እንዲያነብላት ለተኽለሚካኤል ሰጠችው። አነበበ። ምሳ ቤት ውስጥ አርባ ሰው እየበላ ብድግ ብሎ ክፍሌን ሐሰተኛ አለው። ክፍሌም አንተ የእስር ቤት ሽማግሌ፣ እዚህም ልታሳስረን ነው የመጣኸው አለው። ከዚያ ወዲህ ሰላም አይባባሉም።

ዩኒየኑ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ የመጣው ከዚያ ነው። ከሰማንያ አራት ሠራተኛ ስልሳ አንዱ ዩኒየን እንፈልጋለን የሚል ካርድ ፈረመ። ተኽሌ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ አስፈርማለሁ። ካሸነፍን መጀመሪያ የምንጠይቀው ወፍራም ጓንት ነው። ይሄው ነው።

ለመተኮሻ ክፍሏ ኃላፊ አሞኛል አልኳት፣ የሰዓት ካርዴን ፓንች አውት አደረግኩ፣ ወጣሁ።

ብርዱ ፊት ይገሸልጣል። አሮጌዋ ኦልድስሞቢል መኪናዬ ሦስቴ አጉረምርማ ተነሳች። ሮበርት ስትሪትን ይዤ ዌስት ሴንት ፖል ገባሁ፣ ተኽሌ በር ላይ አቆምኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም፤ ካጠፋሁት ተመልሶ አይነሳም።

ሚስቱ ትብለጽ ናት የከፈተችልኝ። «ሽማግሌዎቹ ከሄዱ ጀምሮ እንደተቀመጠ ነው» አለችኝ። «ምሳም አልቀመሰ።»

ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮቹ ግድግዳ ተጠግተዋል። ምንጣፉ በበረዶ ጫማ ረጥቧል። ተኽሌ በሙሉ ሱፍ፣ በክራቫት ተቀምጧል። ሥራው ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የማታው ፈረቃ ነው፣ ማጠቢያ ማሽኖቹ ላይ። ስልሳ አራት ዓመቱ። ሱፍ ለብሶ ያየሁት ለቅሶ ላይ ብቻ ነበር።

እንዲህ ሆነ አለኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ቡርሃን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸው የታመመ፣ በዚያ ብርድ። ግቡ አለ፣ ገቡ። ተቀመጡ አለ፣ አልተቀመጡም። ታርቄያለሁ ካላልክ አንቀመጥም አሉት። ምንጣፉ ላይ ቆሙ። አንድ ሩብ ሰዓት፣ ሁለት ሩብ ሰዓት። የሐጂ እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትብለጽ አለቀሰች። ተኽሌ ይቅር ብያለሁ አለ። ክፍሌ ለካ መኪና ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል፤ ጠሩት፣ ገባ፣ ጉልበቱን ሳመው። ከዚያ አማማሏቸው። ክፍሌ ሽማግሌ ላይሳደብ። ተኽሌ ክፍሌን በክፉ ላያነሳ፣ ሰው ላያስነሳበት።

«ማልክ?» አልኩት።

«ማልኩ።»

«ምርጫውስ?»

«ምርጫው ሌላ ነው። እኔ የታረቅኩት ከሰውየው ነው። ከኩባንያው አይደለም።»

«እሱን ለሰማንያ አራት ሰው ማን ያስረዳል? ራሕመት አልቋል እያለች ነው። ነገ በክፍሌ ላይ ድምፅ የሰጠ ዕርቅ አፍራሽ ሊባል ነው። አንተ ወጥተህ ታስረዳለህ?»

«እኔማ ምያለሁ፣ ሂሩት።»

ወዲህ ወዲያ አልኩ። ሞተሩ ውጭ ያጉረመርማል።

«ሚስተር ሃርግሪቭ ይሄን ቢያይ ምን ይልህ ነበር?» አልኩት። ልጎዳው ነው ያልኩት።

ሚስተር ሃርግሪቭን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከተኽሌ በቀር ያየው ግን የለም። እንግሊዞች አስመራን ሲያስተዳድሩ የሠራተኛ ጉዳይ ሹም ሆኖ የመጣ ሰው ነው። አገሩ ላይ በአሥር ዓመቱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባ። የፋብሪካውን የመጀመሪያ የሸማኔዎች ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው። አራት ጊዜ አባረሩት። በኋላ ያባረሩት ሰዎች በሚኖሩበት ከተማ ምክር ቤት ተመርጦ ገባ፣ ከእነሱ ፊት ለፊት ተቀመጠ፣ ለድሆቹ ሰፈር የውኃ ቧንቧ አስወሰነ። አስመራ ሲመጣ ሸምግሏል። ቁምጣ ለብሶ፣ ፒፓውን ነክሶ፣ በሚያስቅ ጣሊያንኛ የባቡር ጋራዥ ሠራተኞችን ስብሰባ አመራር ያስተምር ነበር። ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚያዝ፣ እጅ እንዴት እንደሚቆጠር። ተኽሌ ከእሱ ነው የተማረው። ማኅበር አቋቋመ፣ ኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት ተመርጦ ስምንት ወር ተቀመጠ፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ታሠረ። ፈረቃ ሲቀያየር ምሳ ቤት «ሚስተር ሃርግሪቭ» ብሎ ሲጀምር ራሕመት ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

ተኽሌ ክራቫቱን ፈታ።

«ሚስተር ሃርግሪቭ» አለኝ፣ «ሽማግሌ ቆሞበት አያውቅም።»

ለመውጣት ዞርኩ። በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ።

«ዳራርቱን አንስተዋት ነበር?»

ቀና ብሎ አየኝ። 

«አልተነሳችም» አለ።

ወጣሁ።

ወንዙን ተሻግሬ ሌክ ስትሪትን ይዤ ወረድኩ። ድራይቭ እያደረግኩ ከራሴ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ተበዳይ ሳይጠራ ዕርቅ የሚባለው የት አገር ነው? እናቴ ቤት ስንት ሽምግልና ሰምቻለሁ፣ ከመጋረጃ ኋላ። መጀመሪያ ተበዳይ ይናገራል። ሁልጊዜ። እነዚህ ሰዎች የጮኸላትን አስታርቀው የተወጋችውን ረሷት።

የሐጂ ሱቅ ጥግ ላይ ነው። ሩዝ በጆንያ፣ የስልክ ካርድ፣ የሴቶች ሻሽ፣ ካሴት። ስገባ ከመጋረጃው ኋላ እየሰገዱ ነበር። ቆምኩ። ሰዓቴን አየሁ። የስልክ ካርዶቹን ቆጠርኩ። በመስኮቱ መኪናዬ እንዳትሰረቅ አያለሁ። ጨረሱ፣ ወጡ፣ በርጩማ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ ጉልበታቸውን ያዙ።

«ደህና ነሽ ልጄ? ምን ልስጥሽ?»

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ነገ ፋብሪካው ውስጥ የመንግሥት ሰው ባለበት ድምፅ እንደሚሰጥ፣ ዩኒየን ይኑር አይኑር ተብሎ። ዕርቁ ያንን እንዳፈረሰው።

«የምን ድምፅ?» አሉ።

ክፍሌ ይህን አልነገራቸውም። እሳቸው ዘንድ የመጣው፣ ሁለት ሰው ተሰዳድበን ተኳርፈናል፣ እኔ ታናሽ ነኝ፣ አስታርቁኝ ብሎ ነው። እውነትም ነው። ግማሹ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት፣ ፈቱት።

«ያስታረቅኩትን አላፈርስም» አሉ። «ተኽለሚካኤል ቃሉን ሰጥቷል። ዝም ይበል።»

«እሱ ዝም ይበል፣ ሐጂ። እኔ አፍርሱ አላልኩም። ጠባቸው በማን ምክንያት እንደሆነ ጠይቀዋል?»

«በአንዲት ልጅ ወረቀት ነው አሉኝ።»

«ልጅቷን ማን ጠራት?»

መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ዳራርቱ ትባላለች። መርፌው የወጋው እሷን ነው። በሐሰት የተጻፈው በእሷ ላይ ነው። ስድስት ወር እንቅልፍ የሚያጣው እሷ ናት። እርስዎ ስንት ዓመት ሲሸመግሉ ኖሩ፤ ተበዳይ በሌለችበት ጨርሰው ያውቃሉ?»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ሻሽ የምትመርጥ ሴትዮ ዞራ አየችን። ሐጂ አልተቆጡም። ተነሥተው ስልኩን አነሱ፣ ወደ ፋብሪካው እንድደውል ሰጡኝ፣ ክፍሌ መስመሩ ላይ ሲመጣ መልሰው ተቀበሉኝ።

የእሳቸውን ብቻ ነው የሰማሁት። ልጄ፣ አንዲት ተበዳይ ቀርታለች አሉት። ዛሬ እሷ ዘንድ አብረን እንሂድ፣ የጻፍኩት ልክ አይደለም በላት፣ ወረቀቱን አስተካክል፣ እኔ አስታርቃችኋለሁ። ሰሙ። ብዙ ሰሙ። ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። «ጠዋት የኔና የሱ ጉዳይ ነው አልከኝ» አሉት። «አሁን የኩባንያው ጉዳይ ነው ትለኛለህ። የቱን ልያዝ?» ትንሽ ሰሙና ዘጉት።

ክፍሌ ያለውን ሐጂ ነገሩኝ። ወረቀቱ ኢንሹራንስ ዘንድ ሄዷል አለ። ከነካሁት ሥራዬን አጣለሁ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ አለ። እሱም አልዋሸም።

«ወደ ሱቁ የሚደውል ሰው ብዙ ነው» አሉኝ ሐጂ። «ክፍሌና ተኽለሚካኤል ታርቀዋል፣ ዳራርቱ ግን አልታረቀችም እላለሁ። ሌላ አልልም። ስለ ድምፃችሁ አላውቅም።»

በቂ ነው አልኩ። ጉልበታቸውን ልስም ስል ሂጂ መኪናሽን ሳይወስዱብሽ አሉኝ።

ሲዳር ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ጋ ስደርስ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ሐሙስ ዳራርቱ ዕረፍቷ ነው፤ ቤቷ አሥራ አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቷል። ወጣሁ። ስትከፍትልኝ ትንፋሽ አጥሮኝ ስለነበር ገና ሳልቀመጥ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ተኽሌን፣ መሐላውን፣ ሐጂን፣ ስልኩን። ኩራት ቢጤም ነበረብኝ።

ዳራርቱ ሕፃኗን ታቅፋ ቆማ ሰማችኝ። ከኛ ሁሉ ዝምተኛዋ ናት። ከሚወጋው መርፌ ይልቅ ሰው የሚያወራው እንደሚያስፈራት አውቅ ነበር። አውቄ ነው የረሳሁት።

«ስሜን ለሐጂ ሰጠሽ?» አለችኝ።

«ዳራርቱ፣ እኔ ለ—»

«አሁን ሌክ ስትሪት ሁሉ ይደውላል። ደሟ የተበላሸው ልጅ ይላል። የባሌ እናት ትሰማለች።»

«ሐጂ እንደዚያ አይሉም።»

«ሐጂ አይሉም። የሰማው ይላል።» ሕፃኗን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረች። «ጋሽ ተኽሌ ሲሰድብልኝ አልጠየቀኝም። ሲታረቅ አልጠየቀኝም። አንቺም አልጠየቅሽኝም።»

  ጓንቴን አወለቅኩ፣ መልሼ አደረግኩት።

«አሁን ልጠይቅሽ» አልኩ በመጨረሻ። «ነገ ትመጫለሽ?»

«አላውቅም» አለች። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። አሥራ አራት ፎቅ ወረድኩ። መኪናዋ ጠፍታ አገኘኋት። ሞተሩ ነው የጠፋው።

አንድ ሶማሌ ታክሲ ነጂ በባትሪ ገመድ አስነሳልኝ።

አርብ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ሆነ። የስቴቱ ገዥ በመላው ሚኒሶታ ትምህርት ቤት ዘጋ። ልጄን ዴሊናን ትብለጽ ዘንድ ጣልኳት፤ «ማም፣ አይም ቴን» እያለች፣ አሥር ዓመቴ ነው፣ ብቻዬን እቀመጣለሁ ማለቷ ነው። መኪናዋ ያልተነሳላትን እየለቀምኩ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። የፋብሪካውም ቫን እየለቀመ ነበር። የሚነዳው ክፍሌ ነው። በመብራት ላይ ጎን ለጎን ቆምን። አምስት ሴት ጭኗል፣ እኔ አራት። ራሱን ነቀነቀልኝ። እኔም ነቀነቅኩ። አረንጓዴ በራ።

መኪናዬ ውስጥ የሚወራው ሌላ ነው፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ባትሪ። አንዷ ብቻ ከኋላ፣ ሐጂ ዘንድ ደውዬ ነበር አለች። ማንም ምን አሉሽ አላላትም። ሁሉም ደውሏል።

ምሳ ቤቱን አዘጋጅተውታል። ጠረጴዛዎቹ ተገፍተዋል፣ ጥግ ላይ ከካርቶን የተሠራ መከለያ፣ መሃል ላይ ሳጥን። የመንግሥት የሠራተኛ ቦርድ የላካት ሴትዮ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። ከኩባንያው ታዛቢ አንዲት የቢሮ ልጅ። ከኛ በኩል ታዛቢ ሆኖ የተጻፈው ተኽለሚካኤል ነው።

በዚያው ሱፍ መጣ። ሴትዮዋ ፊት ቆመና በእንግሊዝኛ፣ እኔ አልቀመጥም፣ እሷ ትቀመጣለች ብሎ እጁን ወደኔ ዘረጋ። ዴቭ፣ ዩኒየኑ የላከው ሰውዬ፣ በሩ ላይ ሆኖ ፊቱ ቀላ። ለምን ብላ ጠየቀችው ሴትዮዋ። ቃል ገብቻለሁ አላት። ለማን? ብዙ ነው አላት። እሷም ስምሽን ስፔል አድርጊ አለችኝ።

እኔ መጻፍ እንጂ ሰው ፊት መቀመጥ አልወድም። ሰማንያ አራት ሰው ያየኛል፣ ቢሮውም ያየኛል፣ ብንሸነፍ ሰኞ ማን እንደሚቀጣ አውቃለሁ። ወንበሩ ቀዝቃዛ ነበር።

ስድስት ሰዓት። ሰው መጣ። ሜክሲኮዎቹ መጀመሪያ፣ ተያይዘው። ከዚያ ከላኦስ የመጡት ህሞንጎቹ። የኛዎቹ አልመጡም። ሃያ ደቂቃ። ሠላሳ። በመስታወቱ ኮሪደሩ ላይ ቆመው አያቸዋለሁ፣ ጫማቸውን ያያሉ። ተኽሌ አንድ ጊዜ በመሃላቸው አለፈ። አፉን አልከፈተም። ገባ፣ ወረቀቱን ወሰደ፣ ከመከለያው ኋላ ሄደ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተተ፣ ወጣ። ከዚያ አንድ ሁለት ተከተሉት። ራሕመት ገባች፣ ስሟን ነገረችኝ፤ ሦስት ዓመት አብረን ስናጥፍ የማላውቃት ይመስል። ምልክት አደረግኩ።

ሰባት ሰዓት። ሰባት ተኩል። ሠላሳ ያህል የኛ ሰው ገና አልመረጠም። ዳራርቱ የለችም።

ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው በሩ ተከፈተ። እሷ ናት። ከአውቶብስ ፌርማታ በእግሯ ነው የመጣችው፣ ቅንድቧ ነጭ ሆኗል። ኮሪደሩ ላይ ያሉት መንገድ ለቀቁላት። አንዲት ሴት አቅፋ ሳመቻት፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ፤ ስለ ደሟ የጠየቃት አላየሁም። ወደ ውስጥ ስትገባ ሁሉም ከኋላዋ ተሰለፉ።

እኔን አላየችኝም። «ዳራርቱ» አለች ለሴትዮዋ፣ «ቆሻሻ ክፍል።»

ስሟን ፈለግኩ፣ ምልክት አደረግኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ተዘጋ። እዚያው ቆጠሩት። ሴትዮዋ አንድ በአንድ እያነሳች ታሳያለች፤ የስ፣ ኖ፣ ኖ፣ የስ። ክፍሌ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ከጎኑ ሥራ አስኪያጁ። ሰማንያ አንድ ድምፅ። አርባ ሦስት ለዩኒየን፣ ሠላሳ ስምንት እምቢ።

ዴቭ ጮኸ። ሜክሲኮዎቹ አጨበጨቡ። ተኽሌ አላጨበጨበም። በክፍሌ አጠገብ ሲያልፍ እጁን ዘረጋለት፣ ተጨባበጡ፣ የሰዓት ካርዱን ፓንች አድርጎ ወደ ማጠቢያዎቹ ገባ። ራሕመት ጠጋ ብላ፣ «የቱን እንደመረጥኩ አልነግርሽም» አለችኝና ሄደች።

ዳራርቱ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ጓንቱስ?» አለችኝ።

ገና ነው አልኳት። የምርጫው ውጤት ይጸድቃል፣ ከዚያ ድርድር ይጀመራል፣ ዴቭ ስድስት ወር ሊፈጅ ይችላል ብሏል።

«እኔ ዘጠኝ ሰዓት እገባለሁ» አለች። «ዛሬ።»

ሰዓቱን አየሁ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ገብቶ ዘግቷል፣ ክፍሌም አብሮት።

ተነሳሁ። ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።